በቀጭን መርፌ የሚወሰድ የሕዋስ ናሙና ምርመራ (ኤፍ ኤን ኤ)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እብጠት ታይቶባቸው «በመርፌ ናሙና ይወሰድ» ለተባሉ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው።

ኤፍ ኤን ኤ ምን ዓይነት ምርመራ ነው?

በሰውነት ላይ የወጣ ወይም በአልትራሳውንድና በመሰል መሣሪያዎች የታየ እብጠት ምን እንደሆነ ለማወቅ፣ በቀጭን መርፌ ጥቂት ሕዋሳትን ከእብጠቱ ውስጥ አውጥቶ በማይክሮስኮፕ የማየት ዘዴ ነው። የመርፌው ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ለላቦራቶሪ ከክንዳችን ደም ሲቀዳ ከምናየው የተለመደ መርፌ እንኳ ይቀጥናል። የሚወጣው ናሙና ለዓይን ከአንድ ጠብታ ባይበልጥም በሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት ሊኖሩት ይችላሉ።

ናሙናው በመስታወት ስላይድ ላይ ተቀብቶ በልዩ ቀለም ከተቀለመ በኋላ ፓቶሎጂስት ያነበዋል፤ ፓቶሎጂስት ማለት በሽታን ከሕዋሳት መልክና አደረጃጀት ለመለየት የሠለጠነ ስፔሻሊስት ሐኪም ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ የሚደርሰን ውጤት እንደ ስኳር ወይም እንደ ደም መጠን ከማሽን የወጣ ቁጥር ሳይሆን የሐኪም ንባብ ነው። ከዚህ በታች የተነሡት አብዛኞቹ ከባድ ጥያቄዎች የሚመነጩት ይህ ልዩነት ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ከባዮፕሲ በምን ይለያል?

ባዮፕሲ ከእብጠቱ ቁራጭ ሥጋ ቆርጦ ይወስዳል፤ ኤፍ ኤን ኤ ግን የተበታተኑ ሕዋሳትን ብቻ ያወጣል። ልዩነቱን በግንብ መመሰል ይቻላል። በቀጭን መርፌ የወጣው ናሙና ግንቡ ከምን ዓይነት ድንጋይ እንደተሠራ ይነግረናል፤ ድንጋዮቹ እንዴት እንደተደረደሩ፣ ግንቡ አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤት ይግባ ወይም አይግባ ግን አያሳይም። ያንን የሚያሳየው ባዮፕሲ ነው።

በምትኩ ኤፍ ኤን ኤ ቢላ፣ ስፌትና የቀዶ ሕክምና ክፍል አይፈልግም፤ ጠባሳ አይተውም፣ ወጪውም አነስተኛ ነው፣ ታካሚውም ወዲያው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምርመራ እንዲሆን የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ ዘዴ ነው ወይስ የተፈተነ?

እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርክ ሜሞሪያል ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሄይስ ማርቲንና ኤድዋርድ ኤሊስ በመርፌ ስለሚወሰድ ናሙና ጽሑፍ አሳትመው ነበር፤ የተጠቀሙበት መርፌ ግን ዛሬ ከምንጠቀምበት ይወፍር ነበር። ዘዴውን ዛሬ ወዳለበት ደረጃ ያደረሱት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በስቶክሆልም ካሮሊንስካ ሆስፒታል የነበሩት እነ ሲክስተን ፍራንዜን፣ ጆሴፍ ዛይቼክና ቶርስተን ሎቭሃገን ናቸው። ስዊድናውያኑ ናሙናውን ልክ እንደ ደም ስላይድ በአየር አድርቀው የደም ማቅለሚያ ይቀቡት ነበር፤ በኢትዮጵያም በብዙ ላቦራቶሪዎች ለደም ስላይድ የሚያገለግለው የራይት ማቅለሚያ ለኤፍ ኤን ኤ የሚውለው በዚሁ መንገድ ነው።

ለየትኞቹ እብጠቶች ይታዘዛል?

በእጅ ለሚዳሰሱት ማለትም ለአንገት፣ ለብብትና ለብሽሽት ንፍፊት፣ ለእንቅርት፣ ለጡት፣ ለምራቅ ዕጢና ከቆዳ ሥር ለሚገኙ እብጠቶች በብዛት ይታዘዛል። እንደ ጉበት፣ ሳንባና ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት ያሉ ጥልቅ አካላትም በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን እየተመሩ በመርፌ ሊደረስባቸው ይችላል።

ይሁን እንጂ እብጠት ሁሉ መርፌ አይሻም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ሁለት የአንገት እብጠቶችን አጣምሮ ያነሣል፤ ጆሮ ደግፍ በቫይረስ የሚመጣና በራሱ የሚለቅ ስለሆነ በመርፌ አይመረመርም። እንቅርትም ቢሆን ሁልጊዜ አይወጋም። በአልትራሳውንድ የሚያጠራጥር መልክ ያለው ጓል (በእንቅርቱ ውስጥ ተለይቶ የሚታይ እብጠት) ከ1 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ናሙና ሲወሰድለት፣ መልኩ የማያሰጋው ግን 1.5 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ በክትትል ሊቆይ ይችላል፤ ውሃ ብቻ የቋጠረውን ለምርመራ ብሎ መውጋት አያስፈልግም።

ያማል? ለምን ማደንዘዣ አይሰጥም?

ሕመሙ በጡንቻ ላይ ከሚሰጥ መርፌ ጋር የሚቀራረብ ነው። ማደንዘዣ የማይሰጠው ታካሚውን ችላ ከማለት አይደለም፤ ማደንዘዣው ራሱ በመርፌ የሚሰጥና ሲገባ የሚያቃጥል በመሆኑ ሕመሙን ከመቀነስ ይልቅ አንድ ውጊያ ይጨምራል፣ ፈሳሹም ትንሽዬውን እብጠት ሊሸፍነው ይችላል። እንደ ጡት ጫፍ አካባቢ ባሉ ስሜታቸው ከፍ ባለ ቦታዎች፣ በጥልቅ አካላትና በጣም በሚፈሩ ታካሚዎች ላይ ግን ማደንዘዣ ይሰጣል። መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

እንዴት ይሠራል? ስንት ጊዜ ይወጋል?

በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች ናሙናውን የሚወስደው ራሱ ፓቶሎጂስቱ ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ እብጠቱን በጣቱ የዳሰሰው፣ ጥንካሬውን መርፌው ሲገባ በእጁ የተሰማውና ስላይዱን የሚያነበው አንድ ሰው ይሆናልና። ሐኪሙ ቦታውን በአልኮል ከጠረገ በኋላ እብጠቱን በሁለት ጣቶቹ መካከል አጽንቶ ይይዛል፤ መርፌውን አስገብቶ ለጥቂት ሰከንዶች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያመላልሰዋል። ስሪንጁ ስቦ ሕዋሳቱን ይቀዳል፤ መርፌው ከመውጣቱ በፊት ግን ስበቱ ይለቀቃል፣ አለዚያ ናሙናው ወደ ስሪንጁ ሆድ ገብቶ ይቀራል። ደም በሚበዛበት እንቅርት ላይ ብዙ ሐኪሞች ያለ ስበት፣ በመርፌው ብቻ መቅዳትን ይመርጣሉ። መርፌው እንቅርት ውስጥ ሳለ ምራቅ መዋጥና መናገር አይፈቀድም፤ ዕጢው ከጉሮሮ ጋር አብሮ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚንቀሳቀስ ነው።

ከአንድ እብጠት ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መውጋት የተለመደ ነው፤ «አንዴ ከተወጋሁ ለምን ደገሙኝ» ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። ከተለያየ ማዕዘን ሲቀዳ ናሙናው እብጠቱን በተሻለ ይወክላል። ሥራው ከዝግጅቱ ጋር ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሲያልቅ ታካሚው በጥጥ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ቦታውን ጫን አድርጎ ይይዛል፤ ይህች ጥቂት ትዕግሥት ከመበለዝ ታድናለች።

ምን ዓይነት ዝግጅት ያስፈልጋል?

በእጅ ለሚዳሰስ እብጠት በባዶ ሆድ መምጣት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ቁርስ በልቶ መምጣት ራስን ከመሳት ይጠብቃል። ጾም ላይ ያለ ሰው ይህንን ለሐኪሙ ቢናገርና ተኝቶ ቢሠራለት ጥሩ ነው። ለሆድ ውስጥ አካላት ግን ከምግብ መቆጠብና የደም መርጋት ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። ዋርፋሪን፣ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ በራሱ ውሳኔ ግን መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፣ ምክንያቱም ላይ ላዩን ላለ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ማቋረጥ አያስፈልግም፣ ማቋረጡ ደግሞ ለልብና ለአንጎል አደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት ግን መረጃ ነው። የምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ «የአንገት እብጠት» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ ፓቶሎጂስቱ በጨለማ እንደሚዳስስ ሰው ነው። እብጠቱ ከመቼ ጀምሮ እንደወጣ፣ እየጨመረ ይሁን አይሁን፣ ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ መኖሩን፣ ከዚህ በፊት የታከሙትን ካንሰር ወይም ቲቢ፣ የኤች አይ ቪ ሁኔታን፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የቀድሞ ምርመራ ውጤቶችን ይዘው ይቅረቡ። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ናሙና ለሚወስደው ባለሙያ በቃል ይንገሩት።

መርፌ ከነካው ካንሰሩ ይሰራጫል የሚባለው እውነት ነው?

ሰዎችን ከምርመራ በብዛት የሚያስቀረው ይህ ስጋት ስለሆነ በዝርዝር ማየት ይገባዋል። በመርፌ ቀዳዳ መንገድ ላይ የካንሰር ሕዋስ ሊቀር መቻሉ በሕክምና የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በቀጭን መርፌ እጅግ ብርቅ ነው። በሆድ ውስጥ አካላት ላይ የተደረጉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ምርመራዎችን ያጠቃለሉ ቆጠራዎች፣ ይህ ከ10,000 ምርመራ በአንድ ገደማ ወይም ከዚያም ባነሰ የሚያጋጥም መሆኑን አሳይተዋል። የጡት፣ የእንቅርትና የአንገት ንፍፊት ታካሚዎች በመርፌ በመመርመራቸው ምክንያት ዕድሜያቸው እንዳጠረ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። አደጋው ከፍ የሚለው በወፍራም መርፌና በተወሰኑ የካንሰር ዓይነቶች ላይ ነው፤ ለምሳሌ ከጉበት ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር በምስል ምርመራ ብቻ በእርግጠኝነት መለየት ሲቻል ሐኪሞች መርፌውን ይተዉታል።

ታዲያ «ብረት ከነካው ይዛመታል» የሚለው እምነት ለምን ጸና? በእኔ እይታ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙ ሰው ወደ ሆስፒታል የሚመጣው እብጠቱ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሲያስጨንቀው ነው፤ በዚያን ጊዜ በሽታው አስቀድሞ ወደ ሌላ አካል ተሰራጭቷል። መርፌው ተወግቶ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ታካሚው ሲያርፍ፣ ቤተሰብና ጎረቤት ያየው መርፌውንና ሞቱን ነው፤ ከመርፌው በፊት በዝምታ ያለፈውን ጊዜ ግን ማንም አልቆጠረውም። ቀጣዩ ታካሚም ይህን ሰምቶ ይዘገያል፣ መዘግየቱም ያንኑ ታሪክ ይደግመዋል።

ጠበል እየተጠመቁ መመርመር ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። አደገኛው እብጠቱን ያለ ምርመራ በምላጭ ማስበጣት ወይም የሚያቃጥል ቅጠል ማሰር ነው። የቲቢ ንፍፊት በዚህ መንገድ ሲከፈት ለረጅም ጊዜ የሚመግልና የማይደርቅ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ ካንሰር ከሆነ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ቀዶ ሕክምና ያወሳስበዋል።

ሌላስ ምን ጉዳት ያስከትላል? በመርፌ መነካት የሌለባቸው እብጠቶች አሉ?

የተለመደው ጉዳት ቀለል ያለ ሕመም፣ መበለዝና ጥቂት ደም መቋጠር ነው። ኢንፌክሽን ብዙም አያጋጥምም። በጡት፣ በብብትና ከአንገት አጥንት በላይ ባሉ ቦታዎች ላይ ሲሠራ መርፌው አልፎ አልፎ የሳንባን ሽፋን ሊነካ ይችላል፤ ስለዚህ ከምርመራው በኋላ ድንገተኛ የደረት ውጋትና የትንፋሽ ማጠር ከተሰማ፣ እንዲሁም በአንገት ላይ በፍጥነት የሚጨምር እብጠት ከታየ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

መርፌ የማይነካቸው ወይም በብዙ ጥንቃቄ ብቻ የሚነካቸው አሉ። በወንድ የዘር ፍሬ ላይ የወጣ ካንሰር የሚመስል እብጠት በመርፌ አይወጋም፤ ሙሉ በሙሉ በብሽሽት በኩል በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ካንሰር የሚጠረጠርበት ውሃ የቋጠረ የማህጸን እንቁላል ዕጢም እንዲሁ አይቀዳም። በአንገት ላይ እንደ ልብ ምት የሚመታ እብጠት ከትልቁ የደም ሥር ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ በምስል ይታያል። ከኩላሊት በላይ ካለው ከአድሬናል ዕጢ የሚነሣ አንድ ዓይነት እጢ ሲነካ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያሻቅባል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሆርሞን ምርመራ ይደረጋል። ከውሻና ከከብት ጋር ተቀራርቦ በሚኖር ሕዝብ ላይ የሚታየው የውሻ ኮሶ ትል ቋጠሮ ደግሞ በጉበት ውስጥ ሳለ ያለ ዝግጅት ቢወጋ፣ ፈሳሹ ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስከትል ይችላል።

ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት መመርመር ትችላለች?

ትችላለች። መርፌው ጨረርም መድኃኒትም ወደ ሰውነት አያስገባም። ነገር ግን በእርግዝናና በማጥባት ወቅት የጡት ሕዋሳት በተፈጥሯቸው ስለሚገዝፉ፣ ይህን ያላወቀ አንባቢ ካንሰር ሊመስሉት ይችላሉ፤ ስለዚህ ማርገዝዎን ወይም ማጥባትዎን ናሙናውን ለሚወስደው ባለሙያ መንገርና ወረቀቱ ላይ ማስጻፍ ግዴታ ነው። በሌላ በኩል «ወተት ቋጥሮ ነው» እየተባለ ለወራት የተተወ የሚጠነክር እብጠት ማጥባት እስኪያበቃ አይጠበቅም።

ውጤቱ መቼ ይደርሳል?

ስላይዱን ማቅለም በራሱ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ በአንዳንድ ቦታዎችም ፓቶሎጂስቱ እዚያው አይቶ ናሙናው በቂ መሆኑን ያረጋግጣል። የጽሑፍ ውጤቱ ግን እንደ ተቋሙ የሥራ ብዛትና እንደ ባለሙያዎቹ ቁጥር ከአንድ እስከ ጥቂት ቀናት፣ ተጨማሪ ማቅለሚያ ካስፈለገም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ናሙናው ከጤና ጣቢያ ወይም ከሩቅ ከተማ የሚላክ ከሆነ ስላይዱን ፎርማሊን ካለበት ዕቃ ጋር በአንድ ሳጥን መላክ አይገባም፤ የፎርማሊን ትነት በአየር የደረቁ ሕዋሳትን አቀላለም አበላሽቶ ማንበብ ያስቸግራል።

የአንገት ንፍፊት ቲቢ መሆኑ በዚህ ምርመራ እንዴት ይታወቃል?

በኢትዮጵያ ከሚመዘገቡት የቲቢ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ ከሳንባ ውጪ ያለ ቲቢ የያዛቸው ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የንፍፊት ቲቢ ነው። ስለዚህ በአገራችን የኤፍ ኤን ኤ ክፍሎች ከካንሰር ያላነሰ የሚፈለገው ቲቢ ነው። ፓቶሎጂስቱ የሚፈልገው ግራኑሎማ የሚባሉትን የተሰባሰቡ ሕዋሳት፣ ብዙ ኑክለስ ያላቸውን ግዙፍ ሕዋሳትና ከመርፌው ሲወጣ እንኳ አይብ የሚመስለውን የሞተ ሕብረ ሕዋስ ነው። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲታዩ በእኛ አገር ሁኔታ ቲቢ የመሆኑ ዕድል እጅግ ከፍተኛ ነው። ኤች አይ ቪ መከላከያቸውን ባዳከመባቸው ሰዎች ላይ ግን ግራኑሎማው ላይኖርና መግል የመሰለ ፈሳሽ ብቻ ሊወጣ ይችላል፤ ባክቴሪያው ደግሞ በእነርሱ ላይ በብዛት ይገኛል።

ግራኑሎማ የሚያመጡ ሌሎች በሽታዎችም ስላሉ፣ ከዚያው ናሙና ጥቂቱን የቲቢ ባክቴሪያን ለሚለየው የጂን ኤክስፐርት መሣሪያ መላክ ተገቢ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይህን ምርመራ ለንፍፊት ናሙና እንዲውል ይመክራል። መሣሪያው በሁለት ሰዓት ውስጥ ባክቴሪያውን ከመለየቱ በላይ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዱንም ይናገራል። ከናሙናው ጥቂቱ መርፌው ውስጥ ይቀራልና፣ ስላይዱ ከተቀባ በኋላ መርፌውን ከመጣል ይልቅ የቀረውን አጥቦ መላክ ሁለተኛ ውጊያን ያስቀራል። የንፍፊት ቲቢ ብቻ ያለበት ሰው በሽታውን በትንፋሽ አያስተላልፍም፤ ሳንባው ግን መታየት አለበት። መድኃኒቱ በመንግሥት ተቋማት በነፃ ይሰጣል፣ የተለመደው ሕክምናም 6 ወር ነው።

ሁለት ነገሮችን ልጨምር። አንደኛ፣ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ንፍፊቱ ሊያብጥ ወይም አዲስ ሊወጣ ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ምላሽ እንጂ የመድኃኒቱ አለመሥራት አይደለም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ለሐኪም መንገር ነው። ሁለተኛ፣ የንፍፊት ቲቢ የሚመጣው ከጥሬ ወተት ነው የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና ከኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ንፍፊት በቀጭን መርፌ የተወሰዱ ናሙናዎችን ጭምር የመረመረ ጥናት ግን፣ የከብት ቲቢ ባክቴሪያ እጅግ ጥቂት እንደሆነና አብዛኛው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ባክቴሪያ መሆኑን አሳይቷል። ወተት አፍልቶ መጠጣት ግን በሌሎች ብዙ ምክንያቶች ትክክል ነው።

«ናሙናው በቂ አይደለም» ማለት ምን ማለት ነው?

የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል። የካንሰር ሕዋሳት እርስ በርስ ያላቸው ቁርኝት ስለሚላላ በመርፌ በቀላሉ ይወጣሉ፤ ጠባሳ የበዛበት ጠንካራ እብጠት ግን ሕዋሳቱን አይለቅም፣ ውሃ የቋጠረውም ውሃውን ብቻ ይሰጣል። ለእንቅርት ናሙና የተቀመጠው መመዘኛ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ሕዋሳት ያሏቸው 6 ቡድኖች በግልጽ መታየታቸው ነው። ከዚህ ሲያንስ ሐቀኛ ፓቶሎጂስት «በቂ አይደለም» ብሎ ይጽፋል፤ ገምቶ «ደህና ነው» ከሚል ይህ ይሻላል። መደረግ ያለበት በአልትራሳውንድ እየተመሩ መድገም ነው። «ምንም አልተገኘም ማለት ነው» ብሎ ወደ ቤት መሄድ ግን ትልቅ ስህተት ነው።

የእንቅርት ውጤቴ ላይ «ቤተስዳ» ተብሎ ቁጥር ተጽፏል፤ ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ሜሪላንድ ቤተስዳ ከተማ በተደረገ ጉባኤ የተነሣ፣ ፓቶሎጂስቶች አንድ ቋንቋ እንዲናገሩ ያደረገ የአመዳደብ ሥርዓት ነው። ቁጥሩ የካንሰር ደረጃ አይደለም፤ ይህን ያልተረዱ ሰዎች «አራተኛ ደረጃ ደርሷል» ብለው ሲያለቅሱ ይታያል። ቁጥሩ የሚናገረው እብጠቱ ካንሰር የመሆን ዕድሉን ብቻ ነው።

በ2023 በወጣው ሦስተኛ እትም መሠረት አማካይ ግምቱ እንዲህ ነው። 1 ማለት ናሙናው በቂ አይደለም፣ በዚህ ውስጥ ካንሰር የመገኘት ዕድሉ 13 በመቶ ያህል ነው፤ 2 ካንሰር አይደለም፣ 4 በመቶ፤ 3 ትርጉሙ ያልለየ የሕዋስ ለውጥ፣ 22 በመቶ፤ 4 የፎሊክል እጢ (ፎሊክል ከሚባሉት የእንቅርት ዕጢ ጥቃቅን ከረጢቶች ሕዋሳት የሚነሣ)፣ 30 በመቶ፤ 5 ለካንሰር አጠራጣሪ፣ 74 በመቶ፤ 6 ካንሰር፣ 97 በመቶ። ስለዚህ 2 ክትትል፣ 3 ብዙ ጊዜ መድገም፣ 4 እና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ በአብዛኛው ቀዶ ሕክምናን የሚያስነሣ ነው፤ ውሳኔው ግን ከአልትራሳውንዱ፣ ከታካሚው ዕድሜና ፍላጎት ጋር ተያይዞ ይሰጣል።

«ካንሰር አልታየም» ከተባልኩ ሙሉ በሙሉ ልተማመን?

እህል ነጋዴ ጆንያውን ሳይፈታ በሹል ብረት ወግቶ ጥቂት ፍሬ አውጥቶ ያያል፤ ብረቱ የገባበት ጥግ ንጹሕ ሆኖ ሌላው ጥግ የነቀዘ ሊሆን ይችላል። መርፌም እንዲሁ ነው። ካንሰር ታየ የሚለው ንባብ ከሞላ ጎደል አስተማማኝ ሲሆን፣ አልታየም የሚለው ግን ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር መስማማት አለበት።

ይህ በጡት ላይ በግልጽ ይሠራበታል። የሐኪሙ ዳሰሳ፣ የአልትራሳውንድ ወይም የማሞግራም ምስልና የመርፌው ውጤት ሦስቱም «አያሰጋም» ካሉ ስህተት የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ከሦስቱ አንዱ ካፈነገጠ ግን፣ ለምሳሌ እብጠቱ ጠንካራና ቆዳውን የሳበ ሆኖ መርፌው «ደህና» ቢል፣ የሚታመነው አሳሳቢው ምልክት ነው፤ ባዮፕሲ ይከተላል። ከውጤቱ በኋላ እብጠቱ እያደገ ከሄደም፣ ወረቀቱ ምንም ቢል ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል።

በመርፌ ከታየ በኋላ ለምን ደግሞ ባዮፕሲ ታዘዘብኝ?

አንዳንድ ጥያቄዎች በተፈጥሯቸው ከሕዋስ ብቻ አይመለሱም። በእንቅርት ውስጥ የፎሊክል ካንሰር ከማያሰጋው የፎሊክል እጢ የሚለየው ሽፋኑን ወይም የደም ሥርን ጥሶ በመግባቱ ነው፤ ይህ ደግሞ እጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሽፋኑ ካልታየ አይታወቅም። የንፍፊት ካንሰር የሆነው ሊምፎማ ብዙ ዓይነት ስላለውና መድኃኒቱ እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ፣ መርፌው ቢጠቁም እንኳ ሙሉ ንፍፊቱ ወጥቶ ይመረመራል። በጡት ላይም ካንሰሩ ገና በወተት ቧንቧው ውስጥ ያለ ይሁን ወይም ከቧንቧው የወጣ ሕዋሳት ብቻቸውን አይናገሩም፤ የሆርሞን ተቀባዮችን ለማወቅም አብዛኛውን ጊዜ ቁራጭ ሥጋ ይፈለጋል። ስለዚህ ሁለተኛው ትእዛዝ የመጀመሪያው ምርመራ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም፤ የትኛው በር መንኳኳት እንዳለበት ያሳየው እርሱ ነው።

ሁለት ሆስፒታሎች የተለያየ ውጤት ቢሰጡኝስ?

መጀመሪያ ሁለቱም ያነበቡት አንድ ስላይድ መሆኑን ያረጋግጡ። የተለያየ ቀን በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የተለያየ ውጤት መገኘቱ የግድ አለመግባባት አይደለም፤ አንደኛው መርፌ ያላገኘውን ሌላው አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ስላይዱ አንድ ከሆነ ግን የንባብ ልዩነት ነው፤ በተለይ በ3 እና በ4 የእንቅርት ምድቦች ላይ ልምድ ያላቸው ፓቶሎጂስቶች እንኳ ይለያያሉ።

ስላይዶች ለዓመታት ሳይበላሹ ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ሌላ ሆስፒታል ወይም ውጭ አገር ለሕክምና የሚሄድ ሰው የውጤቱን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ስላይዶቹን ጭምር ጠይቆ መያዝ ይኖርበታል፤ ብዙ ተቋማት በፊርማ ይሰጣሉ። ሁለቱ ሐኪሞች በስልክ ቢነጋገሩ ወይም ሦስተኛ ፓቶሎጂስት ቢያያቸው አብዛኛው ልዩነት ይፈታል። ካልተፈታም ናሙናው ይደገማል ወይም ባዮፕሲ ይሠራል፤ ይህ እስኪሆን ድረስ ጡትን ወይም ሙሉ የእንቅርት ዕጢን የሚያስወግድ ቀዶ ሕክምና በተጠራጠረ ንባብ ላይ ብቻ ተመሥርቶ መጀመር የለበትም።